ላኪዋ ብቻ ስትማር፦ ከምሥራቅ ጃቫ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ነፃ የገንዘብ አያያዝ ሥልጠና የማይሰጥ አካል አሁን አሁን የለም ማለት ይቻላል። ባንኮች ይሰጣሉ፣ የተራድኦ ድርጅቶች ይሰጣሉ፣ በውጭ አገር ያሉ የማኅበረሰባችን ማኅበራትም ቅዳሜ ከሰዓት ወንበር ደርድረው ይሰጣሉ። ይዘቱ ከቦታ ቦታ ብዙ አይለያይም፤ ገቢና ወጪህን ጻፍ፣ መጀመሪያ ቆጥበህ በተረፈው ኑር፣ ብድር ከመፈረምህ በፊት ወለዱን አስላ፣ ለክፉ ቀን አስቀምጥ። ይህን የሚቃወም የለም። ሥልጠናው ሲያልቅም ሪፖርት ይወጣል፤ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ወጣት ሠለጠነ። ከስድስት ወር በኋላ ሠልጣኞቹ ቤት ሄዶ ምን ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው።

ጥያቄው በወጉ ከተጠየቀባቸው ቦታዎች አንዱ የኢንዶኔዥያዋ ምሥራቅ ጃቫ ናት። የተገኘው መልስ ልጁን ዓረብ አገር ለላከ ለማንኛውም የኢትዮጵያ ቤተሰብ፣ እንዲያውም ሥልጠና ለሚያዘጋጅልን መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚበጅ ስለሆነ ጉዳዩን ከሥሩ ላንሳው።

ማላንግ፣ ምሥራቅ ጃቫ፣ እ.ኤ.አ. 2010

የምሥራቅ ጃቫ ገጠር ሴቶቹን በቤት ሠራተኝነት ወደ ውጭ በመላክ የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ማሌዥያ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ታይዋን፣ ሲንጋፖር ይሄዱ ነበር። ሂደቱን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር የለበትም፤ ደላላ መንደር ድረስ ይመጣል፣ ኤጀንሲ ይረከባል፣ ፓስፖርትና ሕክምና ይከተላል። ሴትየዋ ከመብረሯ በፊት ማሠልጠኛ ገብታ ቋንቋ፣ ምግብ አሠራር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አያያዝ ትማራለች። ወጪውን ኤጀንሲው ይሸፍንና ከደመወዟ ላይ በየወሩ ይቆርጥ ነበር። ሆንግ ኮንግ በሚሄዱት ላይ ቆረጣው እስከ ሰባት ወር ሲዘልቅ ይታይ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ለቤተሰብ የሚላክ እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አልነበረም።

መንደር የሚቀረው ባል ወይም እናት ነው። ልጆቹን የሚያሳድገውም፣ ብሩ ሲመጣ የሚቀበለውም እሱ ወይም እሷ ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ገንዘብ ምንም አያውቁም ማለት አይደለም። ጃቫ ውስጥ አሪሳን የሚባል ነገር አለ፤ ጎረቤታሞች በተወሰነ ቀን ይሰበሰባሉ፣ እኩል ያዋጣሉ፣ ዕጣ ይጣላል፣ የወጣለት ይወስዳል። ልክ እንደኛ እቁብ። መቆጠብ የሚለውን ሐሳብ ከከተማ የመጣ አሠልጣኝ አያስተዋውቃቸውም።

የመንግሥትና የለጋሾች ጭንቀት ሌላ ነበር። ገንዘቡ ይላካል፣ ግን ይበላል፤ ውል ሲያልቅ ሴትየዋ ተመልሳ ትፈርማለች። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የገንዘብ ትምህርት በየአገሩ ይሰጥ ጀመር። ትምህርቱ ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን ያጣራ አልነበረም። ለምትሄደዋ? ገንዘቡን ለሚቀበለው? ለሁለቱም?

የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ዮኮ ዶይ፣ ዴቪድ ማኬንዚና ቢላል ዚያ በማላንግና አካባቢዋ ያደረጉት ሙከራ ይህንኑ የሚመልስ ነበር። ሊሄዱ የተዘጋጁ ሴቶችንና ቤተሰቦቻቸውን በዕጣ አራት ቦታ ከፈሏቸው። በአንደኛው ምድብ ሴቲቱ ብቻ ሠለጠነች። በሁለተኛው ከቤተሰቧ አንድ ሰው ብቻ ሠለጠነ። በሦስተኛው ሁለቱም ሠለጠኑ። አራተኛው ምድብ ምንም ሥልጠና አላገኘም፤ ማነጻጸሪያ ነው። ትምህርቱ ስለ ዕቅድና በጀት፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ዕዳ፣ ገንዘብ ስለ መላክና መቀበል፣ ስለ ተጓዥ መድን ነበር። ከዚያ ሴቶቹ ሄዱ። አጥኚዎቹ ሦስት ጊዜ እየተመላለሱ እቤት የቀረውን ቤተሰብ ጠየቁ፤ ምን ያውቃል፣ ገንዘቡን እንዴት ያስተዳድራል፣ ምን ያህል ቆጥቧል።

ዕጣው እዚህ ላይ ቁም ነገር ነው። ሥልጠና በፈቃድ ሲሆን የሚመጣው ድሮም ጠንቃቃ የሆነው ሰው ነው፤ በኋላ ቆጥቦ ቢገኝ ትምህርቱ ነው ያስቆጠበው ማለት አይቻልም። በዕጣ ሲደለደል ግን በአራቱም ምድብ ያለው ሰው በአማካይ አንድ ዓይነት ስለሚሆን፣ በኋላ የሚታየው ልዩነት የሥልጠናው ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ሁለቱም የሠለጠኑበት ቤት በዕውቀትም፣ በገንዘብ አያያዝም፣ በቁጠባም ጉልህ ለውጥ ታየበት። የቤተሰቡ አባል ብቻ የሠለጠነበት ቤት ለውጡ ነበር፣ ግን አነስ ያለ። ሴቲቱ ብቻ የሠለጠነችበት ቤት ላይ ምንም አልታየም። እቤት የቀሩት ሰዎች ምንም ሥልጠና ካልደረሰው ቤት ሊለዩ አልቻሉም።

ይቺ የመጨረሻዋ ውጤት እንቅልፍ የምትነሳ ናት። ምክንያቱም አብዛኛው የቅድመ ጉዞ ሥልጠና፣ በእኛም አገር ጭምር፣ የሚሰጠው ለሴቲቱ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ

ጥናቱ ቁጥሩን ይነግረናል፤ ምክንያቱን በአብዛኛው ለእኛ ይተወዋል። እኔ የምረዳው በማውቀው ቤት በኩል ነው።

ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ ቤት አለ። ሁለተኛዋ ልጅ በኮንትራት ጅዳ ሄዳ ነበር። ብሩ የሚመጣው በታላቅ ወንድሟ ስም ነው። በየወሩ መጨረሻ በኢሞ ትደውላለች። «ብሩ ደረሰ?» «ደርሷል እታለም፣ ተባረኪ።» ከዚያ የጎረቤት ወሬ፣ የማን ሠርግ እንደተቆረጠ፣ የእናትየው ጉልበት። ብሩ ምን ላይ ዋለ የሚለው ጥያቄ አፏ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ታላቅ ወንድም እንዲያ አይጠየቅማ። ብትጠይቅ «አላመነችንም» ይባላል፣ ነገሩ እስከ አጎት ይደርሳል።

ወንድሙ ሌባ አልነበረም፣ ጫትም አልቃመበትም። የአባቱን ሕክምና ከፈለ። ሁለት ሠርግ ደገፈ። ለዓረፋ በግ ገዛ። ለታናሹ የባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ አደረገ፤ ባጃጁ ተጋጭቶ ቆመ። እያንዳንዷ ወጪ ለብቻዋ ብትታይ የምትነቀፍ አይደለችም። ልጅቱ ስትመለስ ግን የቀረላት ግማሽ ድረስ የተገነባ ግድግዳ ነበር። የሐዋላው ደረሰኝ በሙሉ በፌስታል ተቋጥሮ አልጋው ራስጌ ተሰቅሎ አገኘችው፤ አንዲት አልጠፋችም። የገባው ሁሉ ማስረጃ አለው፣ የወጣው ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም።

ለዚህች ልጅ ከመሄዷ በፊት የሁለት ቀን ሥልጠና ቢሰጣት ምን ይጠቅማት ነበር? በጀት ማውጣት ትማራለች፤ በጀቱን የሚያወጣው ግን ወንድሟ ነው። ከገቢሽ አንድ አምስተኛውን ቆጥቢ ትባላለች፤ ደመወዟን ግን አንዴ ከላከች በኋላ የምትቆጥበው እጇ ላይ የለም። የተማረችውን በስልክ ለወንድሟ ላስተምር ብትል ደግሞ ታናሽ ናት፣ ሴት ናት፣ በዚያ ላይ ሩቅ ናት።

ሁለቱም ሲማሩ የሚለወጠው ይኸው ይመስለኛል። ወንድምየውም ያንኑ ሰምቷል። «አሠልጣኙ በየወሩ ጻፉ ብሎ የለ፤ ምን ጻፋችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሆኑ ይቀራል፤ ጥያቄው የእህት ጥርጣሬ መሆኑ ቀርቶ የሥልጠናው ደንብ ይሆናል። ለወንድምየውም ቢሆን መሸሻ ይሰጠዋል፤ የአጎት ልጅ ሠርግ ድጎማ ሲጠየቅ «ከእህቴ ጋር የተስማማነው ሌላ ነው» ማለት ይችላል። የዘመድ ጫና ያለበትን ቤት የሚያውቅ ይህ መሸሻ ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል።

ሌላው የጊዜው ነገር ነው። ሴቲቱ ልትሄድ ቀናት ሲቀሩት ቤቱ በሙሉ ስለ ገንዘብ ነው የሚያወራው፤ ዕዳው ስንት ነው፣ መቼ ያልቃል፣ መጀመሪያ ምን እንሥራ። ጆሮ የተከፈተው ያኔ ነው። ብሩ መምጣት ከጀመረና ልማዱ ከተያዘ በኋላ ግን አመል ማስተው ይከብዳል። አጥኚዎቹም ለውጤቱ ትልቅ ቦታ የሰጡት ለዚህ አጋጣሚ ነው።

ከዚህ ጋር የሚጋጭ የሚመስል ሌላ ጥናት አለ፤ አልዘለውም። ዶሃ ውስጥ የሚሠሩ የሕንድ ኬረላ ተወላጅ ባለትዳር ወንዶች በዕጣ ተመርጠው ለገንዘብ ሥልጠና ተጋበዙ፤ ሚስቶቻቸው አገር ቤት ናቸው። እዚያ የሠለጠነው ላኪው ብቻ ቢሆንም ለውጥ ታየ፤ ወንዶቹ የገንዘብ ጉዳይን ከሚስቶቻቸው ጋር መወሰን ጀመሩ፣ መነሻ ቁጠባቸው ዝቅተኛ የነበሩት ዘንድም ቁጠባ ጨመረ። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል የእኔ ግምት ቀላል ነው። የኬረላው ላኪ አባወራ ነው፤ ከዶሃ የተናገረው እቤት ይሰማል። የጃቫዋም የወሎዋም ላኪ ሚስት ወይም ልጅ ናት። ገንዘቡን የምታመጣው እሷ ሆና ቃሏ ግን የቤቱ ቃል አይደለም።

ነፃ ሆኖ ሰው የማይመጣበት ትምህርት

የጃቫውን ውጤት ዋጋ ለማየት ተቃራኒውን ማየት ይረዳል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ አንድ ትልቅ ባንክ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ጡረታና ስለ ክሬዲት ካርድ ነፃ ኮርስ ይሰጥ ነበር፤ ከ300,000 ሰው በላይ አስተምሯል፣ ወደ ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮችም ተስፋፍቷል። ከላይ የጠቀስኩት ማኬንዚና ባልደረቦቹ ይህን ኮርስ ሊለኩ ሲነሡ መጀመሪያ የገጠማቸው ችግር ተማሪ ማግኘት ነበር። ለ40,000 የባንኩ ደንበኞች ደብዳቤ ተላከ፤ መልስ የሰጡት 42 ናቸው። የፌስቡክ ማስታወቂያ 16 ሚሊዮን ጊዜ ታየ፤ 119 ሰው መለሰ።

ምናልባት ባንኩን አላመኑት ይሆናል ተብሎ ያ ተሞከረ። ምናልባት መንገዱ ርቋቸው ነው ተብሎ ነፃ ታክሲ ቀረበ። የመምጣቱን ቁጥር ከፍ ያደረገው ግን የገንዘብ ማበረታቻው ነው። የመጡት ሰዎች ዕውቀት በ9 የመቶኛ ነጥብ ከፍ አለ፤ ራሳቸው በተናገሩት መሠረት ቁጠባቸውም በአንዳንድ መለኪያ በዚያው መጠን ጨመረ። የብድር አጠቃቀማቸው ግን ንቅንቅ አላለም፤ የባንኩ መዝገብ ሲታይም የቁጠባው ጭማሪ ብዙ ሳይቆይ የሚረግብ ይመስላል። የአጥኚዎቹ መደምደሚያ ደፋር ነው፤ ያልመጡት ሰዎች ባለመምጣታቸው የተሳሳቱ አይመስልም።

ስንት ስብሰባ ላይ «ሕዝባችን መማር አይፈልግም» ሲባል ሰምቻለሁ። አበል ከሌለ አይመጣም ይባላል፣ ይወቀሳል። ሰው ቅዳሜውን የሚያውልበትን ያውቃል፤ ከሕይወቱ ጋር ያልተገናኘ ትምህርት ነፃ ቢሆንም ለእሱ ነፃ አይደለም፣ ቀኑን ያስከፍለዋል።

እዚያው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ የባንክ ሒሳብ የሌላቸው ቤተሰቦች ነፃ የገንዘብ ትምህርት ተሰጣቸው፣ ከዚህ ጋር ሒሳብ ለሚከፍቱ አነስተኛ የገንዘብ ማበረታቻ በተለያየ መጠን ተዘጋጀ። ትምህርቱ በጥቅሉ ሲታይ ሒሳብ አላስከፈተም፤ ትንሽ ውጤት ያሳየው የትምህርት ደረጃቸው ዝቅ ባሉት ላይ ብቻ ነው። ማበረታቻው ከ3 ዶላር ወደ 14 ዶላር ሲያድግ ግን በሁለት ወር ውስጥ ሒሳብ የከፈቱት ከ3.5 በመቶ ወደ 12.7 በመቶ ከፍ አሉ። ለካ ብዙዎቹን የያዛቸው ወጪው ኖሯል። ይህን የሚያውቅ አሠልጣኝ ስለ ባንክ ጥቅም ከመስበኩ በፊት መክፈቻውን ራሱ ቢከፍልላቸው ይሻለዋል።

ወደ እኛ ስናመጣው

ኢንዶኔዥያና ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ የተገናኙት በንጽጽር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 አንዲት ኢንዶኔዥያዊት የቤት ሠራተኛ ሳዑዲ ውስጥ በሞት ስትቀጣ የጃካርታ መንግሥት ቀድሞ አልተነገረውም ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ወደ ሳዑዲ መላክ አቆመ። የሳዑዲ ኤጀንሲዎች ዓይናቸውን ወደ ሌሎች አገሮች አዞሩ፤ ከእነዚያ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. በሕጋዊ መንገድ የሄዱት የእኛ ሴቶች በዓመት ከመቶ ሺህ አለፉ። ከዚያ ጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ጉዞውን አገደ፣ ኅዳር ላይ ሳዑዲ ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ሰው ተመለሰ። ብዙው የመጣው በለበሰው ልብስ ነው። የላከው ገንዘብ የት እንደደረሰ የጠየቀውም ያኔ፣ ቦሌ ከወረደ በኋላ ነው።

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፣ በ1246/2013 ተሻሻለ፤ ጉዞው ተከፈተ። ዛሬ አንዲት ሴት በሕጋዊ መንገድ ስትሄድ የሙያ ሥልጠና ወስዳ፣ ምዘና አልፋ፣ የቅድመ ጉዞ ገለጻ ሰምታ ነው። ከገለጻው ውስጥ ስለ ገንዘብ የሚነገር ክፍል አለ። ቤተሰብ ለዚያ ክፍል ሲጠራ ግን እኔ አላየሁም። ልጅቱ ከገጠር መጥታ ከተማ ትሠለጥናለች፣ አባት ወይም ወንድም የሚያያት የሽኝት ዕለት ነው። በጃቫው ድልድል ብንሄድ፣ እኛ ጥረታችንን በሙሉ ያፈሰስነው ምንም ለውጥ ባልታየበት ምድብ ላይ ነው።

ይህ ማለት የጃቫውን ሰነድ ተርጉመን እናስተምር ማለት ግን አይደለም። ቢያንስ አንዱ ክፍሉ እዚህ እንዳለ አይሠራም፤ «በባንክ ቆጥቡ» የሚለው።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያን ጊዜ የዋጋ ንረቱ በነጠላ አኃዝ ነበር። እኛ ዘንድ ከ30 በመቶ በላይ የወጣባቸው ዓመታት በቅርቡ አልፈዋል፤ ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የወሰነው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ ያኔ 7 በመቶ ነበር። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሁለት ዓመት ደመወዟን በብር ያስቀመጠች ልጅ አንድም ብር ሳታወጣ፣ በዶላር ሲሰላ፣ ግማሽ የሚጠጋው ገንዘቧ ቀለጠ። እንግዲህ ቆርቆሮና ብሎኬት ገዝቶ የሚከምረውን፣ ጥጃ የሚገዛውን ወንድም «ቁጠባ አያውቅም» የሚል አሠልጣኝ ማን ይሰማዋል? ወንድሙ ከአሠልጣኙ የተሻለ አስልቷል።

ስለዚህ የእኛ ትምህርት ሌላ ነገር መያዝ አለበት። ከለውጡ ጋር የወጣው ደንብ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ፈቅዷል፤ ይህን የሚያውቅ የገጠር ቤተሰብ ስንት ነው? ወሎና ጅማ ላይ ወለድ የሚጸየፍ ቤት ብዙ ነው፤ ለእነሱ ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዳለ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በዚያ መንገድ የሚሠሩ እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ባንኮች መከፈታቸውን ካልነገርናቸው «ወለዱን አስሉ» የሚለው ትምህርት በሩ ላይ ይቀራል። መሬትና ቤት ሲገዛ ደግሞ በማን ስም ይሁን የሚለው ከበጀት ሰንጠረዥ ሁሉ ይበልጣል። በወንድም ስም ተገዝቶ፣ ወንድም አግብቶ፣ ቤቱ የሌላ ሰው የሆነበትን ታሪክ ያልሰማ ሰፈር የለም።

እኔ ብጠየቅ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ከመሄዷ በፊት ሁለት ሒሳብ ይከፈት። አንዱ የቤተሰቡ፣ ለወር ወጪ። ሌላው በራሷ ስም፣ ያለ እሷ ማንም የማያወጣው። ስንት ወደየትኛው እንደሚገባ ሁለቱም ወገን ተስማምተው በወረቀት ያስፍሩት። ከደመወዟ የሚቆረጥ ካለ እሱ እስኪያልቅ የሚላክ ገንዘብ እንደማይኖርም ቤተሰቡ በዚያው ይስማ፤ ይህን ባለማወቅ «ሄዳ ረሳችን» እየተባለ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚፈጠረው ቅሬታ ቀላል አይደለም። ልጅቷንም ከቀጣሪዋ ወይም ከጓደኛ እንድትበደር የሚያደርጋት ይኸው ነው።

የጃቫው ጥናት የማይደርስበት ቦታም አለ። እነዚያ ሴቶች በሕጋዊ መንገድ የሚሄዱ፣ ማሠልጠኛ የሚገቡ፣ አድራሻቸው የሚታወቅ ናቸው። ከእኛ ግን ብዙው በጅቡቲና በየመን በኩል፣ በደላላ እጅ ይሄዳል። እሱን ማሠልጠኛ አያገኘውም። የሚገኘው ቤተሰቡ ነው፤ መንደር ውስጥ፣ ዕድር ላይ። በጃቫው ውጤት የቤተሰብ አባል ብቻውን ሲሠለጥን አነስ ያለም ቢሆን ለውጥ ታይቷልና፣ ለእነዚህ ቤቶች ያ አነስ ያለው ለውጥ ከባዶ ይሻላል። ዕድር የወር ስብሰባ አለው፣ ሰው ይመጣል፣ አበል አይጠይቅም። ነፃ የማኅበረሰብ ትምህርት ቦታ ካስፈለገው ከዚያ የተሻለ አዳራሽ አላውቅም።

የገንዘብ ነገር የአዋቂ ነው ብለን ወጣቶቹን የምንተዋቸውም በከንቱ ነው። ብሩ በአባት ስም ይምጣ እንጂ ስልኩን የሚከፍተው፣ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያስታውሰው፣ መልእክቱን አንብቦ «ይህን ያህል ገባ» የሚለው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው። ወጪውን መጻፍ የሚችለውም በአብዛኛው እሱ ነው። በየቤቱ አንድ ደብተርና አንድ እንደዚህ ያለ ልጅ አለ፤ ኃላፊነቱን ይዘህ ጻፍ ያለው ሰው ብቻ የለም።

ለአዘጋጆች የምትቀረው ከባዷ ጥያቄ ከቤተሰቡ ማን ይጠራ የምትለው ናት። ደብዳቤ ለአባወራው ብትልክ አባወራው ይመጣል፣ ወይም ሥራ የሌለው ልጅ ይላካል፤ ፊርማው ይሟላል። ገንዘቡን የሚይዘው ሰው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እናት፣ አክስት፣ ከተማ ያለች እህት፣ አንዳንዴም ባለሱቅ ጎረቤት። ይህን በቀበሌ መዝገብ ማወቅ አይቻልም። ልጅቷን ለብቻዋ፣ ቤተሰብ በሌለበት፣ «የመጀመሪያውን ብር በማን ስም ነው የምትልኪው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የምትጠራው ስም ያለው ሰው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ሥልጠናው ባይጀመር ይሻላል፤ ማላንግ ላይ ለውጡ የመጣው ያ ሰው ሲማር ነውና።